ጥሩር የለበሰው ግርማ

ራሱና ትከሻው ብቻ ነው ያለው፤ ከዚያ በኋላ ባዶ አየር ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የቆመው ይህ ራስ በደንብ እንደተቆላ ቡና የጠቆረ ነው። ሰፋፊ አጥንቶቹ እርስ በርስ እየተደራረቡ የገጠሙበት አኳኋን የጥንት መኳንንት ለጦርነት የሚለብሱትን ጥሩር ያስታውሳል። ከላይኛው መንጋጋ ሁለት ስለቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከታችኛው ሁለቱ ሽቅብ ተነሥተው ይቀበሏቸዋል። ዐይኑ በነበረበት ስፍራ ደግሞ አንድ ያልተጠበቀ ጌጥ አለ፦ ከተገጣጠሙ አጥንቶች የተሠራ፣ የጠፋውን ዐይን አቅፎ የቀረ ቀለበት። ከፊቱ የቆመ ሰው መጀመሪያ ስለቶቹን ያያል፤ ጥቂት ሲቆይ ግን ቀልቡ ወደ ቀለበቱ ይሳባል፤ ይህ ፍጡር በአንድ ወቅት ማዶውን አይቶ፣ ለይቶ፣ መርጦ ያድን እንደነበር የሚናገረው እሱ ነውና።

ሳይንሳዊ ስሙ ደንክሊዮስቲየስ ቴሬሊ ነው። የከተማዋ ሰዎች አሳጥረው በቁልምጫ «ደንክ» ይሉታል። ቁልምጫው «ድንቅ» ከሚለው ቃላችን ጋር መጎራበቱ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ ለአማርኛ ጆሮ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት ይችል ነበር ብዬ አላስብም። ደንክ ከ360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሊቃውንት ዴቮንያን በሚሉትና «የዓሦች ዘመን» የሚል ማዕረግ በሰጡት ዘመን ማብቂያ ላይ የኖረ አዳኝ ነው። ዳይኖሰሮች ለመምጣት ገና ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀራቸው ነበር። በየብስ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደኖች ሥር ሰደው ነበር፤ አራት እግር ያላቸው የመጀመሪያዎቹ እንስሳትም ከውኃው ዳር ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። የዓለም ግርማ ሁሉ ግን ያኔ ባሕር ውስጥ ነበር፤ የባሕሩም ልዑል ጥሩር ለባሹ ነበር።

ዛሬ የፋብሪካና የበቆሎ አገር የሆነው ኦሃዮ ያኔ ከምድር ወገብ በስተደቡብ፣ ሞቃት ባሕር የተኛበት ምድር ነበር። የባሕሩ ላይኛው ውኃ ሕይወት የሚተራመስበት ሲሆን ወለሉ ኦክስጅን የራቀው ጥቁር ጭቃ ነበር። ወደዚያ የሰመጠ ሬሳ የሚቆነጣጥረው ፍጡር ስለማያገኝ፣ ጭቃው ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል ይሸፍነዋል። ያ ጭቃ በዘመናት ክብደት ተጨቁኖ እንደ ብራና ገጽ እየተገለጠ የሚነሣ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች የክሊቭላንድ ሼል ይሉታል። ይህ ድንጋይ አደራ ጠባቂ ነው። ክላዶሴላኪ የተባለውን ጥንታዊ ሻርክ ከነቆዳውና ከነጡንቻው አሻራ አቆይቶታል። ቲታኒክቲስ የተባለውን ሌላ ግዙፍ ጥሩር ለባሽም እንዲሁ አቆይቶልናል፤ የዚህኛው መንጋጋ ቀጭንና ስለት አልባ ነው፤ በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየውም አፉን ከፍቶ እየዋኘ ደቃቅ ፍጥረታትን ከውኃው እያጠለለ ይኖር ነበር። የሚፈራው አንዱና የማይጎዳው ሌላው፣ ሁለቱም በአንድ ባሕር፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጥሩር መኖራቸው የዚያን ዘመን ሀብት ያሳያል።

ደንክን ከድንጋዩ ውስጥ ያየው የመጀመሪያው ሰው ፕሮፌሰር አልነበረም። ጄይ ቴሬል ይባላል፤ በኢሪ ሐይቅ ዳርቻ ሆቴል የነበረው፣ ለቅሪተ አካል ፍቅር ያደረበት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 በቤቱ አቅራቢያ፣ ማዕበል እየመታ በሚንደው ጥቁር ገደል ላይ እነዚያን የጠቆሩ ሳህን መሰል አጥንቶች አገኘ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1873 ጆን ስትሮንግ ኒውቤሪ የተባለው ታዋቂ የሥነ ምድር ሊቅ ዓሣውን በጽሑፍ ሲያስተዋውቅ፣ የቴሬልን ስም በዝርያው መጠሪያ ላይ አተመው። የመጀመሪያው ስሙ ግን ዲኒክቲስ ነበር፤ «አስፈሪው ዓሣ» እንደማለት። በ1956 ዣን ፒየር ሌማን የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ የራሱ ወገን የሆነ መጠሪያ እንደሚገባው አሳይቶ፣ በክሊቭላንዱ ሙዚየም የቅሪተ አካል ክፍል ኃላፊ በነበረው በዴቪድ ደንክል ስም ሰየመው። በዚህ መንገድ ስሙ የሁለት ሰዎች ማስታወሻ ሆኗል፦ የፊተኛው ቃል የሙዚየም ሰው፣ የኋለኛው ቃል የሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል።

አጥንቱ ከገደል ወደ አዳራሽ የመጣበት መንገድ ለብቻው ሊወሳ የሚገባው የእጅ ጥበብ ነው። በ1920ዎቹ ጄሲ ኧርል ሃይድና ፒተር ባንጋርት የተባሉ የሙዚየሙ ሰዎች የአካባቢውን ወንዞች ገደል ለገደል እያሰሱ ትልቁን ስብስብ መሠረቱ። በ1960ዎቹ ደግሞ ኢንተርስቴት 71 የተባለው አውራ ጎዳና በከተማዋ ዳርቻ ሲቆረጥ፣ የመንገድ ሥራው ማሽኖች የገለጡት ጥቁር ድንጋይ አዲስ ቅሪተ አካል በገፍ ሰጠ። ሙዚየሙ ዛሬ የሚኮራበት ሀብት ግማሹ የትዕግሥተኛ እግረኞች፣ ግማሹ የአስፋልት ውለታ ነው ማለት ይቻላል። አጥንቱ ከመሬት ሲወጣ ደግሞ ለዐይን የሚማርክ አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ ተበታትኖ፣ አንዳንዴም ተጨፍልቆ፣ ፓይራይት የሚባለው ወርቅ መሳይ ማዕድን ሰርጎበት ይገኛል፤ ይህ ማዕድን ደግሞ እርጥበት ካገኘው ውሎ አድሮ አጥንቱን ከውስጥ ያፈርሰዋል። አዘጋጁ ድንጋዩን ከአጥንቱ ላይ በመርፌ ጫፍ ያነሣል፤ የተሰነጠቀውን ያጣብቃል፤ የጎደለውን ለክቶ ይሞላል፤ ከዚያም አንዱን ሳህን ከሌላው ጋር፣ እንደ ልብስ ሰፊ ጫፍና ጫፉን እያገናኘ፣ ትክክለኛ ስፌቱን ይፈልጋል። በአዳራሹ ያለውን ራስ ሰዎች እንደ አንድ ወጥ ነገር ያዩት ዘንድ ያበቃው ይህ የማይታይ እጅ ነው።

አሁን ወደ ጥሩሩ እንቅረብ። ደንክ የሚመደብበት ወገን ፕላኮደርም ይባላል፤ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደው ስም ሳህን መሰል ቆዳ እንዳላቸው ይናገራል። ጥሩሩ ሁለት ወጥ ክፍሎች አሉት፦ ራስ ቁሩና የደረቱ መከላከያ። በሁለቱ መካከል፣ በግራና በቀኝ፣ የበር ማጠፊያ የሚመስል መገጣጠሚያ አለ፤ ውበቱም ኃይሉም እዚያ ነው። እኛ አፋችንን ስንከፍት የታችኛው መንጋጋችን ብቻ ይወርዳል። ደንክ ግን አፉን ሲከፍት የታችኛው መንጋጋው ቁልቁል ሲወርድ ራስ ቁሩ በሙሉ በማጠፊያው ላይ ወደ ላይ ይነሣል። በ2007 ፊሊፕ አንደርሰንና ማርክ ዌስትኒት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ስልት አራት ዘንጎች በአራት ማጠፊያ ተያይዘው አንዱ ሌላውን እንደሚያንቀሳቅስበት መሣሪያ ቀምረው አሰሉት። ውጤቱ ዛሬም ሲነበብ ያስገርማል። አፉ ተከፍቶ የሚያበቃው በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚከፈት አፍ ውኃውን ራሱን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከፊቱ ያለው ዓሣም ሳይወድ አብሮ ይገባል። ይህን የመሰለ ፈጣን ጉርሻ የሚችሉ ዓሦች አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ንክሻ ያላቸው ናቸው፤ ደንክ ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል። በዚያው ስሌት መሠረት በስለቱ ጫፍ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ4,400 ኒውተን በላይ፣ ወደ ኋላ ባለው ስለት ደግሞ ከ5,300 ኒውተን በላይ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ተመራማሪዎች ስሌቱን ሲከልሱት የጫፉ ኃይል ከ6,000 ኒውተን አለፈ። የመጀመሪያውን፣ ትንሹን ቁጥር ብንይዝ እንኳ 450 ኪሎ የሚመዝን ሸክም በአንዲት የስለት ጫፍ ላይ ማሳረፍ ማለት ነው።

ስለቶቹን ጥርስ ብዬ ያልጠራኋቸው ሆን ብዬ ነው። ጥርስ አይደሉም። የመንጋጋው አጥንት ራሱ ወደ ፊት ሾሎ፣ ከጎን ቀጥኖ ስለት ሆኗል። ጥርስ ይሰበራል፣ ይወልቃል፣ በሌላ ይተካል፤ እንዲህ ያለው ስለት ግን የሚታደሰው በመሥራት ነው። አፉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የላይኛውና የታችኛው ስለት እንደ መቀስ ምላጮች ጎን ለጎን ይፋተጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ይስላል። ሙዚየም ሄዶ ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው ይህን ፍትጊያ በዐይኑ ሊያነበው ይችላል፤ አጥንቱ ከተፋተገበት ጎን ለስልሶ፣ ጠርዙ ቀጥኖ፣ ቢላ በሞረድ ላይ ተመላልሶ ሲሳል የሚያወጣው ዓይነት ገጽ አለው። ዕድሜ የሚያደንዘው መሣሪያ አይደለም። ዓሣው ኖሮ ኖሮ፣ በልቶ በልቶ፣ ስለቱ የዕለት ሥራውን ውበት ለበሰ።

በ2025 የወጣ ጥናት በዚህ ሥዕል ላይ አንድ ያልታሰበ ነገር ጨምሯል። ራስል ኢንግልማን የተባለው የክሊቭላንድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የራስ ቅሉን ጡንቻና መገጣጠሚያ እንደገና ሲመረምሩ፣ የደንክ ራስ ግማሽ ያህሉ አጥንት ሳይሆን ልም አጥንት እንደነበር አሳዩ።  እኛ ከውጭ የምናየው ጥቁር ጥሩር ከሥሩ ለስላሳና ተለጣጭ የሆነ፣ በድንጋይ ውስጥ ያልቀረ ሌላ ግንባታ ነበረው። ብረት ለባሽ ብለን የገመትነው ጌታ ከጥሩሩ በታች ሐር ለብሶ ኖሯል።

ጥሩር የሚለውን ቃል እንዲሁ ለማሳመር ያነሣሁት የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ ባሽፎርድ ዲን የተባለውን ሰው ላስተዋውቀው። ዲን በኒውዮርክ የተወለደው ቴሬል በኢሪ ዳርቻ አጥንቱን ባገኘበት በዚያው በ1867 ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኒውቤሪ ተማሪ ሆኖ ጥንታዊ ጥሩር ለባሽ ዓሦችን አጠና፤ በኋላም በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዓሦች ክፍል ኃላፊ ሆነ። ይኸው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የአውሮፓና የጃፓን የጦር ልብስ የሚወድ ሰብሳቢ ነበር። የሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1912 የጦር መሣሪያና የጥሩር ክፍል ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያው ኃላፊ እሱ ሆነ። ከሴንትራል ፓርክ በአንዱ በኩል የዓሦችን ጥሩር፣ በሌላው በኩል የባላባቶችን ጥሩር በአንድ ዘመን የጠበቀ ሰው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በሻለቅነት ማዕረግ ለአሜሪካ ወታደሮች የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ንድፍ አወጣ። ስለ ዲን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ጠረጴዛ ይታየኛል፤ በአንድ ጫፉ ላይ ከባሕር ወለል የወጣ የአጥንት ሳህን፣ በሌላው ጫፍ አንጥረኛ የቀጠቀጠው የብረት ሳህን። ሁለቱም ተደራርበው እንዲታጠፉ፣ ጠንክረው እንዲቀልሉ የተደከመባቸው ናቸው፤ አንዱን አንጥረኛው በዕድሜው ሠራው፤ ሌላውን ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት አበጀው። የእጅ ጥበብ ዐይን ያለው ሰው ሁለቱን መነጠል አይቻለውም።

ከጥሩሩ በኋላ ያለው ባዶ አየር ግን ለረጅም ጊዜ ፈተና ሆኖ ቆይቷል። የደንክ የኋላ ገላ ከልም አጥንት የተሠራ ስለነበር በድንጋይ ውስጥ አልቀረም ማለት ይቻላል። ልብሱ ከትከሻ በላይ ብቻ ተገኝቶ ባለቤቱ ቁመቱ ስንት እንደሆነ ገምቱ የተባለ ልብስ ሰፊ ምን ያደርጋል? ተመራማሪዎች ለዘመናት ሻርክን እያዩ ገመቱ፤ ግምቱም እስከ 10 ሜትር ደረሰ። በሥዕልና በፊልም የምናውቀው ረጅሙ፣ አውቶቡስ የሚያህለው ደንክ የተወለደው ከዚህ ግምት ነው። በ2023 ኢንግልማን ሌላ መለኪያ ይዞ መጣ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው፦ በዓሦች ዘንድ ከዐይን እስከ ስንጥቡ መጨረሻ ያለው የራስ ርዝመት ከጠቅላላ ቁመት ጋር የጸና ዝምድና አለው። ይህን ዝምድና በመቶዎች በሚቆጠሩ የዓሣ ዝርያዎች ላይ ፈትኖ ወደ ደንክ ሲመለስ፣ የተለመደው ጎልማሳ 3.4 ሜትር፣ ትልቁ ደግሞ 4.1 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ልክ ቀጭንና ረጅም የነበረው ገላ ጠፍቶ፣ እንደ ቱና ደረቱ የሞላ፣ ወገቡ የደነደነ፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ዋናተኛ በቦታው ተተካ።

አንዳንዶች በዚህ ዜና አዘኑ። እኔ አላዘንኩም። በ10 ሜትሩ ሥዕል ላይ ራሱ ለገላው ሁልጊዜ ያነሰ፣ ከሌላ ፍጡር የተዋሰው ይመስል ነበር። አሁን ራስና ትከሻ፣ ትከሻና ጅራት ተመጣጥነዋል፤ የመንጋጋው ፍጥነትና የገላው ጉልበት አንድ ቋንቋ ይናገራሉ። ልብስ የሚያምረው በልኩ ሲሰፋ ነው።

ከኦሃዮ እጅግ ርቆ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ኪምበርሊ በተባለው ደረቅ ምድር፣ የጥሩር ለባሾቹ ሌላ ግምጃ ቤት አለ። ጎጎ ይባላል። ከ380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሞቃት የባሕር ውስጥ የድንጋይ አጥር በነበረበት በዚያ ስፍራ፣ ዓሦቹ እንደ ክሊቭላንዱ ሳይጨፈለቁ በድቡልቡል የኖራ ድንጋዮች ውስጥ ታሽገው ቀርተዋል። ድንጋዩ ከውጭ ሲታይ በሜዳ ላይ እንደተጣለ ተራ ድንጋይ ነው። በመዶሻ ሲሰነጠቅ የአጥንት ጠርዝ ከታየበት ወደ ቤተ ሙከራ ተወስዶ በሳሳ አሴቲክ አሲድ ይዘፈዘፋል፤ ይህ አሲድ በየወጥ ቤታችን ያለው አቼቶ ኮምጣጣነቱን የሚያገኝበት ያው አሲድ ነው። አሲዱ ኖራውን ይበላል፤ አጥንቱን ግን ይተወዋል። ባለሙያው በየጊዜው እያወጣ ያጥባል፣ የተገለጠውን ስስ አጥንት ሙጫ ቀብቶ ያጠነክራል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይዘፈዝፋል። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመጨረሻ በመዘፍዘፊያው ውስጥ የሚቀረው ትናንት የሞተ የሚመስል፣ በሁሉም ጎኑ የሚዞር ሙሉ የራስ ቅል ነው።

በ2008 ጆን ሎንግና ባልደረቦቹ ከዚህ ስፍራ የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ ለዓለም አስተዋወቁ። በሆዷ ውስጥ ፅንስ ነበር፤ ከፅንሱም ጋር ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እትብት። ማተርፒሲስ አተንቦሮይ ብለው ሰየሟት፤ የፊተኛው ቃል «እናት ዓሣ» ማለት ሲሆን የኋለኛው ጎጎን በቴሌቪዥን ላስተዋወቀው ለዴቪድ አተንቦሮ ክብር ነው። እንቁላል ጥሎ መሄድ የዓሣ ሁሉ ልማድ ነው ብሎ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል፤ ከ380 ሚሊዮን ዓመት በፊት አንዲት እናት ልጇን በሆዷ ተሸክማ በእትብቷ ትመግብ ነበር። ከዚያም በ2022 ኬት ትሪናጅስቲክ የመሩት ቡድን ከጎጎ ጥሩር ለባሾች ውስጥ ልብ ማግኘቱን አበሠረ። ድንጋዩን ሳይሰብሩ በኒውትሮንና በኃይለኛ ራጅ ሲመለከቱት፣ ከስንጥቡ ሥር እንደ ኤስ ፊደል የታጠፈ ባለ ሁለት ክፍል ልብ፣ ከጉበትና ከሆድ ዕቃ ጋር በየቦታው ተቀምጦ ታየ። ጥሩሩ ብቻ ቀረ ስንል ለነበርነው ለእኛ፣ ከጥሩሩ በታች ያለው የልብ ቅርጽ መገኘቱ ከጌጥ ሁሉ የሚበልጥ ጌጥ ነው።

እነዚህ ፍጥረታት ለእኛ ባዕድ አይደሉም። በ2013 የቻይና ተመራማሪዎች በዩናን ክፍለ ሀገር ከ419 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ኢንቴሎግናቱስ የተባለ ጥሩር ለባሽ ዓሣ አስተዋወቁ። መንጋጋውን የሠሩት አጥንቶች በአጥንታም ዓሦችና በእኛም ፊት ላይ ካሉት የመንጋጋ አጥንቶች ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው። እንጀራ የምናላምጥበት፣ የምንስቅበት አገጭ የዘር ሐረጉ ወደ እነዚህ ጥሩር ለባሾች ይመዘዛል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ ይህ ሙዚየም ሌላ ቅርበት አለው። ዶናልድ ጆሃንሰን በ1974 ሐዳር ላይ ድንቅነሽን ሲያገኝ የዚሁ ሙዚየም ባልደረባ ነበር፤ ድንቅነሽም ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ለጥናት ክሊቭላንድ ቆይታለች። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴም ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ በዚያ የሥነ ሰብ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ በ2019 ይፋ የሆነውን፣ በአፋር ወራንሶ ሚሌ የተገኘውንና የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለውን የራስ ቅል ያጠናው ቡድን መሪ እሳቸው ነበሩ። ደንክና ድንቅነሽ በአንድ ወቅት በአንድ ጣሪያ ሥር አርፈው ነበር፤ አንዱ የመንጋጋን፣ አንዷ የእግርን ታሪክ ይዘው።

ኦሃዮ በ2020 ደንክን የክፍለ ግዛቱ ኦፊሴላዊ ቅሪተ አካል ዓሣ አድርጋ በሕግ አጽድቃዋለች። ክብሩ የሚገባው ነው፤ ግን የደንክን ሕይወት በይበልጥ የሚያቀርብልኝ ሌላ ምልክት አለ። በአንዳንድ የጥሩሩ ሳህኖች ላይ የተወጉ ቦታዎች ይታያሉ፤ ያጠኗቸው ሰዎች የውጊያ ምልክት እንደሆኑና የወጋውም የራሱ ወገን ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። በዚያ ባሕር ይህን አጥንት ሊበሳ የሚችል ሌላ ስለት ማግኘት ይከብዳል። ጥሩሩ ለጌጥ የተለበሰ አልነበረም፤ ተፈትኗል።

ከ359 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዴቮንያን ዘመን ማብቂያ ላይ ባሕሮች በታላቅ እልቂት ተመቱ። ጥሩር ለባሾቹ ከትልቁ እስከ ትንሹ ጠፉ፤ ሻርኮች ተሻግረው ቀሩ። ከደንክ በኋላ በዚህ ስልት የተሠራ ፍጡር ዳግመኛ አልታየም።

ከክሊቭላንድ በስተምዕራብ በሮኪ ሪቨር ወንዝ ዳር ጥቁሩ ገደል ዛሬም ቆሟል። ክረምቱን ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ይረጋል፤ ጸደይ ሲመጣ በረዶው ይቀልጥና ገጽ በገጽ የተደራረበው ድንጋይ ልቅቅ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አዲስ የተገለጠው ግድግዳ ለጥቂት ቀናት እርጥብና ጥቁር ሆኖ ያበራል። አንዳንድ ጊዜ በዚያ ጥቁረት መካከል ከድንጋዩ ጥቂት ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ለእጅ ለስለስ የሚል፣ እንደ ሳህን ጠርዝ የታጠፈ ቀጭን መስመር ይታያል።